ያላየሽውን አትፈርሚ

ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ የምታገኚው ሻንጣሽን ስትፈቺ ነው። ፊት ለፊት ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሌላ ነገር አወራሁ።

ወንድምሽ ነገረኝ። አትቆጪው፣ አውጣጥቼው ነው። የሥራ ባልደረባሽ ቸኩላ ስትወጣ ያልተሞላ የክትባት ማቀዝቀዣ የሙቀት መዝገብ ትታልሽ፣ አንቺም "ያው ነው" ብለሽ ሞልተሽ ፈረምሽላት። ምንም አልተፈጠረም፣ አውቃለሁ። እኔን ያሳሰበኝም ምንም አለመፈጠሩ ነው። ያላየሽውን አትፈርሚ።

የምትሠለጥኚበትን የሕንዷን ሃይደራባድን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያታለሽ። ቢሆንም አባት ነኝና ልንገርሽ። እዚያ ከተማ ቫራፕራሳድ ሬዲ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ነበር። ስለ ክትባት የተማረው ነገር የለም። ያኔ ከውጭ የሚገባው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ዋጋው አይቀመስም። ሰውየው "ቴክኖሎጂውን ስጡኝ" ብሎ ወደ አንድ የምዕራብ ኩባንያ ሄደ። ለእናንተ አይሆንም ብለው መለሱት። እልህ ያዘው። በ1993 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) በእናቱ ስም ሻንታ ባዮቴክኒክስን አቋቋመ። በ1997 የራሱን ክትባት ገበያ ላይ አዋለ። የቫይረሱን አንድ ፕሮቲን እርሾ ውስጥ ማሳደግ፣ ከዚያ ማጥራት። ሲያወሩት ቀላል ነው፤ መከራው ማጥራቱ ላይ እንደሆነ አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። ዋጋው ወርዶ ወርዶ ከአንድ ዶላር በታች ገባ። ተራ ሰው ልጁን ማስከተብ ቻለ።

ይህን ታሪክ ሁሉም ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ። አንቺ ግን ቀጣዩን ያዢልኝ። እዚያው ኩባንያ አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከል ሻን5 የሚባል ክትባት ሠራ። በ2010 ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ነጭ ዝቃጭ ተጣብቆ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት ካጸደቃቸው ክትባቶች ዝርዝር አወጣው። ከዚያ ዝርዝር ከወጣሽ ዩኒሴፍ አይገዛሽም፤ ሌላው ገዢም እሱን አይቶ ይሸሻል። ክትባቱ የተመለሰው በ2014 ነው። በነገራችን ላይ ዝቃጩ ሲገኝ ኩባንያው በፈረንሳይ ባለቤት እጅ ነበር። ስለዚህ "ድሃ አገር ስለሆነ ነው" የሚልሽን ሰው አትስሚው። ግን ይህንንም እወቂ፤ የሀብታም አገር ኩባንያ ሲሳሳት ኩባንያው ተሳሳተ ይባላል። የእኛ ሲሳሳት አገሩ፣ ጎረቤቱ፣ አህጉሩ ሁሉ ይጠረጠራል። ፍትሐዊ አይደለም። ግን እንዲያ ነው።

ኪኒንሽን በእጅ ሻንጣሽ ያዢ። ትርፍ መነጽርሽንም። የፓስፖርትሽን ቅጂ ለብቻው አስቀምጪ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ኩባ። ኮንሴፕሲዮን ካምፓ የምትባል ተመራማሪ በ1980ዎቹ ከባልደረቦቿ ጋር የማጅራት ገትር ቢ ክትባት ስትሠራ መጀመሪያ በራሷና በልጆቿ ላይ ሞከረችው ይባላል። ሰው የሚያደንቀው ይህንን ነው። እኔን ግን አባት ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ይዘገንነኛል። እኔ የማደንቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከ100,000 በላይ ተማሪዎችን ከተቡ። ማን ክትባቱን፣ ማን ማስመሰያውን እንደወሰደ ከታቢውም ተከታቢውም አያውቅም። እያንዳንዱን ልጅ መዝግበው ተከታተሉ። 83 በመቶ ይከላከላል የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚያ መዝገብ ነው። ያ ሁሉ መዝጋቢ "ያው ነው" እያለ ሞልቶት ቢሆን ምን ይዘው ይቀሩ ነበር?

አሁን እኔ ክትባት መጋዘን እሠራ የነበረበትን ጊዜ ልንገርሽ። እናትሽም የምታውቀው ግማሹን ነው። አንቺ ገና ትድሂ ነበር። ቅዳሜና እሑድ መዝጋቢ የለም። ሰኞ ጠዋት ማቀዝቀዣውን ስከፍት የኋላ ግድግዳው በረዶ ጋግሯል። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 3 ይላል። አንዱ መቆጣጠሪያውን አዙሮት ሄዷል። መሆን ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ውስጡ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ነበር። ያ ክትባት ሙቀት ትንሽ ይችላል፤ የሚገድለው በረዶ መሆን ነው። መበላሸቱን ለማወቅ ብልቃጡን ነቅንቆ አስቀምጦ ዝቃጩ እንዴት እንደሚወርድ ማየት ይቻል ነበር። ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። አላደረግሁትም። የወሩ ሪፖርት በዚያው ጠዋት መውጣት ነበረበት፤ አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፣ ላሳፍረው አልፈለግሁም። ይህ ሰበብ ነው። እውነቱ የደረጃ እድገቴ እንዳይበላሽ ፈራሁ።

ቅዳሜ 4። እሑድ 4። ሰኞ 4። ፈረምኩ።

ክትባቱ ወጣ። ማንም አልጠየቀኝም። እድገቱም መጣ፣ ያኔ አልጋ የገዛንልሽ በዚያ ገንዘብ ነው። ያ በሽታ በሕጻንነት የገባበትን ሰው ጉበት የሚበላው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እነዚያ ሕጻናት ዛሬ አንቺን ያህላሉ። ታመዋል ወይስ ደህና ናቸው፣ ላውቅ አልችልም። አስቢው፤ ስንቱ ሰው አይሆንላችሁም እየተባለ ለፍቶ፣ አጥርቶ፣ ዋጋውን አርክሶ የሠራውን ክትባት እኔ በአንድ እስክሪብቶ ውኃ አድርጌው ይሆናል።

ስለዚህ ያላየሽውን አትፈርሚ። ጓደኛሽ ብትለምንሽም፣ አለቃሽ መኪና ቆሞ እየጠበቀ ነው ቢልሽም። በእርሳስ አትጻፊ። ከተሳሳትሽ በአንድ መስመር ሰርዢ፣ የተሰረዘው ይነበብ፣ ጎኑ ቀኑንና ፊርማሽን አድርጊ። በነጭ ቀለም አትደልዢ። ይህን ሁሉ እዚያ ያስተምሩሻል፤ ከእኔም ስሚው።

በ2021 ሕንድ በራሷ ወረርሽኝ ስትጨነቅ የኮቪድ ክትባት ወደ ውጭ መላክ አቆመች። ተስፋ አድርጎ የተቀመጠው አገር ሁሉ እጁን አጣጥፎ ቀረ። እናንተን ክትባት መሥራት እንድትማሩ የሚልኳችሁ ያ እንዳይደገም ነው። ኮርቼብሻለሁ፤ ማንም ሰው በተናገረ ቁጥር ስለ አንቺ ማውራት ጀምሬ እናትሽ እየቆነጠጠችኝ ነው።

እንደደረስሽ ደውዪ። ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ። በእሑድ እሑድም ድምፅሽን አሰሚን።

ፖስታው ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ። የዚያ ወር መዝገብ ቅጂ ነው፤ ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ሦስቱን 4ቶች ፈልጊያቸው፣ አያስቸግሩሽም። ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ በደንብ የተጻፉት እነሱ ናቸው።

አባትሽ