ጉዳዩ፦ "ዛሬ ከ11 ሰዓት በፊት ይደርስዎታል" ስለተባለው የቦቢ ራጅ

ለእንስሳት ምርመራ ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የውሻዬ የቦቢ የሽንት ጠጠር ፋይል እናንተ ጋ ስላለ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አልተርክም። ምን አሞት እንደመጣ፣ ማን እንደላከን፣ ምን ምን እንደታዘዘለት ካርዱ ላይ አለ። ካርዱ ከተገኘ ማለቴ ነው። እኔ የምጽፈው ስለተሰጠኝ ቃል ነው።

ራጁና አልትራሳውንዱ እንዳለቀ ሪሴፕሽን ላይ የነበረውን ወጣት አነጋገርኩት። ስሙን እዚህ አላነሳም። የዚያን ቀን ተረኛው ማን እንደነበር እናንተ ታውቃላችሁ። "ዋናውን የምስል ፋይል እፈልጋለሁ፤ ቀዶ ሕክምና ለምታደርግለት ሐኪም የሚላክ ነው" አልኩት። "ችግር የለም ማዘር። ፋይሉም የራዲዮሎጂስቱ ጽሑፍም ዛሬ ከ11 ሰዓት በፊት በኢሜይል ይደርስዎታል" አለኝ። "እርግጠኛ ነህ?" አልኩ። ደረሰኙን ከእጄ ተቀበለና ገልብጦ ጀርባው ላይ "11፡00" ብሎ ጻፈ። ዙሪያውን ሁለቴ አከበበበት። እስክሪብቶውም የራሱ ነው፣ እጅ ጽሑፉም የራሱ ነው።

11 ሰዓት ሆነ፤ ኢሜይል የለም። ስደውል "ሲስተም የለም" ተባልኩ። በማግስቱ ሲስተሙ መጣ፤ ዶክተሩ ወጡ። ዶክተሩ ሲገቡ ደግሞ ፋይል የሚልከው ልጅ ዕረፍት ላይ ነው። ስልክ የምታነሳው ልጅ ድምፄን ለይታ "እሺ፣ የቦቢ እናት" ማለት ጀመረች። ከዚያ በላይ አላስቻለኝም፤ በአካል መጣሁ።

አሁን የምነግራችሁን ልብ ብላችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ስደርስ የቦቢ ራጅ ወጣቱ ፊት ያለው ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ነበር። በዓይኔ አየሁት። ስሙ ከላይ በኩል ተጽፏል። "ይኸው አይደል እንዴ! አሁኑኑ ላክልኝ" አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ማዘር፣ ቢላክልዎትስ ምን ይገባዎታል?" አለ። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ከት ብላ ሳቀች። ድመታቸውን በቅርጫት ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ አንድ ሰው በእኔ ፋንታ አፍረው አንገታቸውን ደፉ።

"ማዘር" መባሌ አይደለም የከፋኝ። ዕድሜዬ ነው፣ ለምጄዋለሁ። እኔ ራጅ ማንበብ አልችልም፤ እችላለሁም አላልኩም። ስለማልችል እኮ ነው ለምታነበው ሰው ልውሰደው ያልኩት። የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ፋርማሲ የሚሄድ ሰው "የዶክተሩን ጽሑፍ ታነበዋለህ ወይ?" ተብሎ ይከለከላል? ቢከለከል ኖሮ አንዳችንም መድኃኒት አንወስድም ነበር።

"በቴሌግራም እልክልዎታለሁ" ብሎ አሰናበተኝ። ላከም። ግን የላከው ፋይል አይደለም፤ የኮምፒውተሩን ስክሪን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ነው። የጣሪያው መብራት ስክሪኑ ላይ አብርቶ ልክ የሽንት ፊኛው ላይ ነጭ መስመር አስምሮበታል። የማውሱ ቀስት ጎድኑ ላይ ቆሟል። የላይኛው ጥግ ስለተቆረጠ ስምም ቀንም ግራ ቀኝ የሚለይ ምልክትም የለበትም። የቦቢ ይሁን የጎረቤት ውሻ በምን ይታወቃል? ከታች በኩል ደግሞ ምስሉ ዳሌው ጋ ሲደርስ ያልቃል።

ይቺ የታችኛዋ ነገር ቀላል እንዳትመስላችሁ። እናንተ ባለሙያ ስለሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ሪሴፕሽኑ ግን የሚያውቅ ስላልመሰለኝ ሐኪማችን ያስረዳችኝን ልድገመው። ወንድ ውሻ ብልቱ ውስጥ አጥንት አለው። ከፊኛ የወረደ ጠጠር ብዙ ጊዜ የሚቀረቀረው ከዚያ አጥንት ጀርባ፣ የሽንት ቱቦው የሚጠብበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ራጁ ከኩላሊት ጀምሮ ቱቦው እስከሚያልቅበት ድረስ መያዝ አለበት። አንዱ ምስል ደግሞ የኋላ እግሮቹ ወደ ፊት ተስበው ነው የሚነሳው፤ ካልሆነ የጭን አጥንት ላዩ ላይ ይደረብና ጠጠሩን ይሸፍነዋል። አልትራሳውንዱ ፊኛ ውስጥ ያለውን በደንብ ያሳያል። ዳሌ ውስጥ የሚያልፈውን ቱቦ ግን አጥንቱ የማሽኑን የድምፅ ሞገድ ስለሚያግደው አያሳይም። ሁለቱም የታዘዙት ለዚህ ነው።

ሐኪማችን ሆዱን ከመክፈቷ በፊት ስንት ጠጠር የት የት እንዳለ ማወቅ አለባት። አውጥታ ስትጨርስም የምታመሳክረው ከዚያ ጋር ነው። ቱቦው ውስጥ አንድ ከቀረ ፊኛውን ባዶ አድርጋ ሰፍታ ብትልከውም ቦቢ ተመልሶ ይዘጋበታል። ሽንት ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ደግሞ ዛሬ ነገ የሚባልበት ሕመም አይደለም። አሁን እየቆራረጠም ቢሆን ይወርድለታል፤ እሷም በየቀኑ ታየዋለች። እሷ ጋ የራጅ ማሽን የለም። ቢኖር ኖሮ እናንተ ደጅ ምን አመጣኝ?

ፎቶውን ሳሳያት ስልኬን አዙራ አየችው፣ አሰፋችው፣ ከዚያ መለሰችልኝ። "የተቆረጠው ፎቶው ነው ወይስ ራጁ ራሱ?" አለችኝ። እኔ ምን አውቄ። ዋናው የዳይኮም ፋይል፣ ማለትም ከራጅ ማሽኑ በቀጥታ የወጣው የምስል ፋይል፣ ቢመጣ በአንድ ደቂቃ የሚለይ ነገር ነው። እሱ ላይ የእንስሳው ስም፣ ቀኑና ልኬቱ አብሮ አለ። ብርሃኑን ከፍ ዝቅ አድርጋ ደብዛዛ ጠጠር ትፈልግበታለች። እንዲህ ዓይነት ፋይል ብዙ ጊዜ ከ4,000 በላይ የግራጫ ደረጃ ይይዛል። የስልክ ፎቶ የሚይዘው 256 ነው። ያውም መብራት ያላረፈበት ፎቶ።

ወዲያው ለወጣቱ ደወልኩ። "ያው ነው እኮ ማዘር። ጠጠሩ ይታያል አይደል?" አለኝ።

"ሁለተኛው ምስልስ?"

"ሁለተኛ?"

"ደረሰኙ ላይ የ2 ምስል ሂሳብ ነው የተጻፈው። ያስከፈልከኝም የ2 ነው።"

ዝም አለ። ከጀርባው ውሻ ሲጮህ ይሰማኛል። ከዚያ "ካልተመቸዎት ያምጡትና እንደገና እናነሳዋለን" አለ። "በነፃ?" አልኩት። "ኧረ ማዘር! እንደ አዲስ ይከፈላል እንጂ!" አለኝና "ወረፋ አለብኝ" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኼ ነው። ቦቢ 12 ዓመቱ ነው። ልቡ ላይ ያልተለመደ ድምፅ እንዳለው እናንተው ናችሁ የጻፋችሁት። ራጅ ሲነሳ እንዳይፈራገጥ የማረጋጊያ መርፌ ተወግቷል። የዚያን ቀን ማታ እግሩ እየተያያዘበት ሲንገዳገድ አድሯል። ፋይል የሚልክ ሰው ስለጠፋ ብቻ ያንን መርፌ ድጋሚ ይወጋ? ክፍያውንስ ተዉት።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ራጁን ያነሳችው ልጅ በጣም ጎበዝ ናት። የእርሳስ ሽርጧን ለብሳ፣ እኔን በትህትና ከክፍሉ አስወጥታ፣ ቦቢን እንደ ሕፃን እያባበለች ነው የሠራችው። ስትወጣም "ሁለቱንም አንስቻለሁ" ብላኛለች። እኔ እሷን አምናለሁ። እንግዲያው ሁለተኛው ምስል እናንተው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህ ነው ይበልጥ የሚያናድደው።

ነገር ከተነሳ አይቀር ሆዴ ውስጥ ያስቀመጥኩትም ይውጣ። ያን ጊዜ ዝም ያልኩት የተመቸኝ መስሏችሁ ከሆነ አልተመቸኝም።

የደም ውጤቱ የመጣ ሌሊት ተደውሎልኝ "ፖታሺየሙ በጣም ከፍ ብሏል፤ ልቡ ሊቆም ይችላል፤ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው" ተባልኩ። የሽንት ችግር ላለበት ውሻ ይህ የሚቀለድበት ነገር አይደለም። በፒጃማዬ ተነስቼ ሮጥኩ። ድንገተኛ ክፍል ያገኘነው ሐኪም ወረቀቱን አየ፣ ቦቢን አየ። ቦቢ ጅራቱን እየቆላ የሰውየውን ጫማ ያሸታል። "ካልሲየሙ እኮ ወለል ላይ ነው። በዚህ ቁጥር ውሻ እንዲህ አይቆምም" አለና ደሙን እንደገና ቀዳው። ፖታሺየሙም ካልሲየሙም ልክ ነበሩ። ለካ እናንተ ጋ ሐምራዊ ክዳን ካለው ብልቃጥ የተረፈውን ደም ወደ ሌላው ገልብጠውታል። ሐምራዊው ውስጥ ያለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኬሚካል ራሱ ፖታሺየም አለበት፤ ካልሲየሙን ደግሞ ያስረዋል። ስለዚህ አንዱ ሰማይ ይነካል፣ ሌላው ይወርዳል። ይህን የላቦራቶሪ ሰው ሁሉ ያውቀዋል አሉኝ። ከእናንተ በኩል እስከዛሬ "ይቅርታ" ያለኝ የለም።

ያው ወረቀት ላይ ቦቢ ድመት ነው። አዎ፣ "ዝርያ፦ ድመት" ይላል። ስቄ ላልፈው ነበር፤ ሐኪማችን ግን አልሳቀችም። ጤነኛ የሚባለው ወሰን የወጣው በድመት ነው። የኩላሊትን ሥራ ለሚያሳየው ለክሬአቲኒን የድመት የላይኛው ወሰን ብዙ ጊዜ ከውሻው ከፍ ይላል። ለውሻ ቀይ ምልክት የሚደረግበት ቁጥር ለድመት "ደህና ነው" ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የኩላሊት ጉዳይ ነው እንግዲህ የማወራው።

ሽንቱም እንደዚሁ። ጠዋት ያመጣሁት ዕቃ ከሰዓት ስመለስ እዚያው ባንኮኒው ላይ ነበር፣ ከብስኩት ሳህኑ አጠገብ። ሽንት ሲቆይና ሲቀዘቅዝ ክሪስታል በራሱ ጊዜ ሊፈጥር ይችላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢታይ ነው የሚመረጠው። ውጤቱ "ክሪስታል በብዛት" ይላል። የቦቢ ነው ወይስ የባንኮኒው?

ለአልትራሳውንዱ ሳይበላ መምጣት እንዳለበትም ቀድሞ የነገረኝ የለም፤ ቁርሱን በልቶ መጥቶ ተመለስን። የሆዱን ፀጉር መላጨታችሁን አልቃወምም፤ ፀጉር መሃል ያለው አየር ምስሉን እንደሚያበላሽ ገብቶኛል። ግን እንዲያ እስኪቀላ ድረስ ነው እንዴ የሚላጨው?

አሁን የምፈልገውን ልናገር። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ ዕለት የሁለቱም ምስሎች ዋና የዳይኮም ፋይል በኢሜይል ይላክልኝ። የስልክ ፎቶ አልቀበልም። የራዲዮሎጂስቱ ጽሑፍ ከነፊርማው አብሮ ይምጣ። ፋይሉ ሲከፈት ራጁ ራሱ ዳሌው ላይ ተቆርጦ ከተገኘ ድጋሚው በእናንተ ወጪ ይነሳል። መርፌው ያስፈልግ አያስፈልግ የሚወስኑት ደግሞ ልቡን መርምረው ያዩት ሐኪም ናቸው እንጂ ሪሴፕሽኑ አይደለም።

መጀመሪያ እዚህ ላይ ላበቃ ነበር ያሰብኩት። ከላይ ያለውን መልሼ ሳነበው ግን ደሜ ፈላ። ስለዚህ በተሳሳተ ብልቃጥ ለተሠራው የደም ምርመራ የከፈልኩት ይመለስልኝ። የዚያን ሌሊት የድንገተኛ ክፍል ወጪም ይተካልኝ። ካርዱ ላይ ያለው "ድመት" ይሰረዝና ውጤቱ በውሻ ወሰን ታርሞ ይውጣ። ያ ወጣት "ምን ይገባዎታል" ስላለኝ ነገር በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቀኝ። አጠገቡ የሳቀችውን ልጅ አልጠይቅም፤ እሷ ሕሊናዋ ይጠይቃት። የእንስሳው ባለቤት የከፈለበትን ምስል በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚያገኝ የሚገልጽ ማስታወቂያም ባንኮኒያችሁ ላይ ይለጠፍ። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ቀጠሮ እንዳያጽፍ።

በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ይህ ካልተፈጸመ ለእንስሳት ሕክምና ተቋማት ፈቃድ ለሚሰጠው አካል ከነማስረጃው አቀርባለሁ። ፋይሉ ግን 5 ቀን አይጠብቅም። እሱ ለዛሬ ነው።

መልሳችሁ በጽሑፍ ይሁን። በስልክ "እሺ፣ እናየዋለን" መባል በቅቶኛል።

ከአክብሮት ጋር
የቦቢ ባለቤት

አባሪ፦ ደረሰኙ ከፊትና ከጀርባ፣ በቴሌግራም የተላከው ፎቶ፣ ሁለቱም የደም ውጤቶች
ግልባጭ፦ ለቀዶ ሕክምና ሐኪማችን