የመኪና መሸጫው ሕንፃ ውስጡም ይጠበቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ መኪና ታሪክ ሲጻፍ ፋብሪካውና ሞዴሉ እንጂ መኪናው የተሸጠበት ቤት አይነሳም። እኔ ግን የቀድሞዎቹ መሸጫ ሕንፃዎች ከፋብሪካዎቹ የማያንስ ታሪክ አላቸው ባይ ነኝ፤ በተለይ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ክፍላቸው።

የመጀመሪያዎቹ መኪና ሻጮች ብዙዎቹ ከብስክሌትና ከሠረገላ ንግድ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1898 ዲትሮይት ውስጥ ከቀዳሚዎቹ መሸጫዎች አንዱን የከፈተው ዊልያም ሜዝገርም የብስክሌት ነጋዴ ነበር። ገዢው ሀብታም ስለነበር ቤቱም አብሮ አማረ። የእንግሊዙ መኪና አምራች ዎልስሊ በ1921 ለንደን ፒካዲሊ ላይ ያሠራውን አዳራሽ ዓምዱንና እብነ በረዱን ያየ ሰው ለመኪና የተሠራ አይመስለውም። ኩባንያው ሲከስር ሕንፃው የባንክ ሆነ፤ በኋላም ምግብ ቤት።

ዋናው ሥራ ግን ከላይ ነበር። ባለ ብዙ ፎቅ መሸጫዎች መኪናውን በትልቅ የጭነት አሳንሰር ያወጡታል። አንዱ ፎቅ ላይ ሞተር ይፈታል፣ ሌላው ላይ መለዋወጫ ይከማቻል፣ በብርዱ ወራት የማይነዱ ደንበኞች መኪናቸውን እዚያው ያቆያሉ። ቀለም የሚቀባው ብዙ ጊዜ ብርሃን እንደ ልብ በሚገባበት የመጨረሻው ፎቅ ነው። ቶሎ የሚደርቅ ቀለም በ1920ዎቹ እስኪመጣ ድረስ አንድ መኪና ተቀብቶ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጅ ስለነበር ሰፊ ቦታ የግድ ነበር። ይህን ሁሉ ክብደት ለመሸከም፣ ቤንዚን ሊያስነሳ የሚችለውንም እሳት ለመቋቋም አርማታ ተመራጭ ሆነ። የአሜሪካውን መኪና አምራች የፓካርድን ፋብሪካ በአርማታ የሠራው አርክቴክት አልበርት ካን ለዚያው ኩባንያ መሸጫ ሕንፃም ነድፏል።

ፊቱን ብቻ አስቀርቶ ውስጡን ማፍረስ ይህን ታሪክ ማጥፋት ነው። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት በ1950ዎቹ ኒውዮርክ ፓርክ አቬኑ ላይ የሠራው የመኪና ማሳያ ክፍል ከነጠመዝማዛ መወጣጫው በ2013 ፈርሷል፤ የከተማው የቅርስ ኮሚሽን ጥበቃ ሊያደርግለት እያሰበ ሳለ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ብራስልስ ውስጥ ግን በ1934 የተጠናቀቀውን የሲትሮየን ጋራዥ መንግሥት ገዝቶ ለሙዚየም አውሎታል።

ስለዚህ የድሮ ሕንፃ እድሳት ስትዘግቡ የፊት ለፊቱን ፎቶ ብቻ አታውጡ። አሳንሰሩ አለ ወይስ ተነቅሏል? ወለሉስ ተሸንሽኗል ወይ? ብላችሁ ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ