ዘንቢል የያዘችው ሴትዮ ማን ነች?

ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ አዳማ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ አባዬ ምድር ባቡር ሀዲድ ጥገና ላይ ሲሠራ ነው ዕድሜውን የጨረሰው፣ እማዬ ደግሞ ባቡር በገባ ቁጥር ጣቢያው ላይ ሻይና ቆሎ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ለጋዜጣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፣ ከረዘመባችሁ ቆረጥ ቆረጥ አድርጉት፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ጥያቄ ግን እንዳትቆርጡብኝ አደራ።

ነገሩ የጀመረው የእህቴ ልጅ ስልኳ ላይ የድሮ የአሜሪካን ከሰል ቆፋሪዎች ፎቶ ስታሳየኝ ነው። አፓላቺያ የሚባል ተራራማ አገር ነው፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ኬንታኪ፣ ቨርጂኒያ ያሉበት፣ ከሰሉን ከተራራው ሆድ ያወጡታል ባቡር ይጭነዋል፣ ከተማው ደግሞ ብዙ ቦታ ሙሉ በሙሉ የኩባንያ ነበር፣ ቤቱ የኩባንያ ሱቁ የኩባንያ፣ ኩባንያው የራሱን ሳንቲም እያሠራ ለሠራተኛው ይሰጥና ያ ሳንቲም የሚሠራው እዛው የኩባንያው ሱቅ ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ካምፕ ያደጉ ጓደኞቼ ሳወራላቸው ቤትም ሐኪም ቤትም የአንድ ፋብሪካ ሲሆን ኑሮው ምን እንደሚመስል ቶሎ ነው የገባቸው።

እኔ አሜሪካ ሲባል ፎቅ ነበር የሚታየኝ። ፎቶዎቹ ላይ ግን አንዷ ከቤቷ ወጥታ በእጅ ፓምፕ ውሃ ትቀዳለች፣ ሌላዋ ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት ማድቤት ውስጥ ቆማ ልጅ ታቅፋለች፣ ወንዶቹ ከጉድጓድ ወጥተው ፊታቸው ጠቁሮ ዓይናቸው ብቻ ያበራል፣ ደሞዝ ቀን የተሰለፉ አሉ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ እባብ በእጃቸው ይዘው የሚጸልዩም አሉ። ያነሳው ራስል ሊ የሚባል ሰው ነው። በፈረንጆቹ 1946 ከሰል ቆፋሪዎቹ አድማ መትተው የአሜሪካ መንግሥት ማዕድኖቹን ተረከበ፣ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ሲዋዋሉ የቆፋሪዎቹ ጤናና መኖሪያ ይጠና ተባለ፣ የባሕር ኃይል ሰዎች ለጥናቱ ሲወጡ ሊም ካሜራውን ይዞ ወጣ። ከ4,000 በላይ ፎቶ ነው ያነሳው፣ ዛሬ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ አለ፣ ማንም ሰው ከስልኩ ገብቶ በነጻ ያወርደዋል፣ እኔ ራሴ አዳማ ቁጭ ብዬ አውርጃለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ፎቶው ብቻ አይደለም፣ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ካፕሽን አለው፣ የኩባንያው ስም፣ የማዕድኑ ስም፣ መንደሩ፣ አውራጃው፣ ከዛ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ቤቱ ስንት ክፍል እንደሆነ፣ ውሃና መብራት አለው ወይ የለውም፣ ስንት ልጅ አላቸው። ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ በባላቸው ስም ነው የተጻፉት፣ እገሊት የእገሌ ሚስት እየተባለ፣ ይሄ ደስ አላለኝም፣ ቢሆንም ፈልጎ ለሚመጣ የልጅ ልጅ መነሻ ይሆናል። ዛሬ ኬንታኪ ውስጥ ያለ ሰው ሌጁኒየር ብሎ የመንደሩን ስም ጽፎ አያቱን በማድቤቷ ሊያገኛት ይችላል ማለት ነው። እኔ እማዬን በሥራዋ ላይ የት ነው የማገኛት?

እኛ ቤት ፎቶ አለ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ፎቶ ቤት ተሂዶ ከአበባ መጋረጃው ፊት ለፊት የተነሳነው፣ ሁሉም ሰው አዲስ ልብስ ለብሶ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። እማዬ ሻይ ስትሸጥ አንድ ፎቶ የላትም። ወደ ሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ የሠራችውን ሥራ ማንም አላነሳላትም፣ ድንገት ካሜራ የያዘ ሰው ቢመጣ ራሱ ነጠላዬን ላስተካክል ብላ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከኋላዋ የምትደብቅ ይመስለኛል። የሥራ ፎቶ የምለው አንድ ብቻ ነው፣ አባዬ ከስድስት ሰዎች ጋር ፉርጎ ተደግፈው የቆሙበት፣ ከጀርባው ባዶ ነው፣ ቀን የለ ስም የለ።

ይሄን ፎቶ ይዤ ባለፈው ክረምት አባዬ ጋ ይሠሩ የነበሩ አንድ ጋሼ ቤት ሄድኩ፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ መስኮት ጋ ወስደው ዓይናቸው ሥር ለጥፈው አዩትና ሰዎቹን በፊታቸው ሳይሆን በአቋቋማቸው ለዩዋቸው፣ ይሄ ወገቡን የያዘው ከአዋሽ የተዛወረው ነው፣ ይሄ ኮፍያውን ያጋደለው ፈረንሳይኛ ይችል ስለነበር ከሼፎቹ (ከአለቆቹ) ጋር የሚያስማማን እሱ ነበር እያሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አጎቴ ነው ስል የኖርኩት ሰው አጎቴ አይደለም፣ ሐረር በኩል የመጣ ሌላ ሰው ነው፣ አጎቴ ያን ቀን ፈረቃው አልነበረም። አምስቱን ስም ነገሩኝ፣ እዛው ቁጭ ብዬ በእርሳስ ከጀርባው ጻፍኩ (በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ ቀለሙ ወደፊት በኩል ያልፋል)። ስድስተኛውን ሊያስታውሱት አልቻሉም።

የምጽፈው ለዚህ ነው። አዳማ ከተማ የሆነችው በባቡሩ ነው፣ ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ እኛ ጋ አልፎ ነው የሄደው፣ የድሮው ባቡር ከቆመ ቆይቷል፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ተሠራ። የድሮውን ጣቢያ ኑሮ የሚያውቁት ሰዎች አሁን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከተማው ውስጥ አንድ የቆየ ፎቶ ቤት ሲዘጋ የስንት ዓመት ኔጋቲቭ በማዳበሪያ ተሞልቶ ቆሻሻ ላይ ሲጣል በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያኔ ነገሩ ስላልገባኝ ዝም ብዬ አለፍኩ፣ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

ይሄን ሳወራ አንዳንድ ሰው ድህነታችንን አንስተን ምን ልናደርግ ነው ይለኛል። እውነቱን ነው፣ በ77 ድርቅ በተነሳው ፎቶ ዓለም ስንት ዓመት እንዳወቀን እናውቃለን፣ አሁንም ድረስ ውጭ አገር የሄደ ልጅ ይጠየቃል። አፓላቺያም ያው ነው፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ካሜራ የያዘ ሁሉ እየመጣ የፈረሰ ቤትና ባዶ እግሩን የቆመ ሕፃን ብቻ እያነሳ ሲሄድ ሰዉ ተማረረ፣ በ1967 ኬንታኪ ውስጥ አንድ ካናዳዊ የፊልም ሰው የሚከራይ ቤት ተከራዮችን ሲቀርጽ የቤቱ ባለቤት በጥይት ገደለው። የሰው ነፍስ ጠፍቷል፣ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን ከዚህ የምረዳው ፎቶ ይቅር የሚለውን አይደለም፣ የጎረቤቱን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ያንሳው፣ ሙሉውን ያንሳው ነው። ሊ መጥፎውን ቤት ብቻ አይደለም ያነሳው፣ ዊልራይት የምትባል የኬንታኪ ከተማ ውስጥ ኩባንያው በደንብ የያዛቸውን ቤቶችም አንስቷል፣ ሰዉ ሲስቅ፣ ልጆች ሲጫወቱ፣ አባት ከሥራ ገብቶ ሲታጠብ። ከሱ በፊት ሉዊስ ሃይን የሚባለው በፈረንጆቹ 1908 ዌስት ቨርጂኒያ ማዕድን ውስጥ በር ለመክፈት ብቻ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ የሚቀመጥ ልጅ አንስቶ ነበር፣ እሱ ያነሳው የሕፃናት ሥራ እንዲቀር ስለሆነ ሌላ ነው፣ ሳየው ያመኛል፣ ቶሎ አልፈዋለሁ።

እኔ ነፍሴ የምትወደው የባቡሩን ነው። ዊንስተን ሊንክ የሚባል ፎቶ አንሺ በፈረንጆቹ ከ1955 እስከ 1960 እዛው አገር ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን የሚባለው ባቡር በእንፋሎት የሚሄድባቸውን የመጨረሻ ዓመታት በሌሊት፣ ብዙ ፍላሽ በሽቦ አገናኝቶ አነሳ። አንዱ ላይ ሰዎች ሳሎናቸው ተቀምጠዋል፣ በመስኮቱ ባቡሩ ያልፋል። ይሄን ሳይ አለቀስኩ፣ እኛ ቤት እንደዛ ነበር፣ ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ሲንቀጠቀጥ ነበር ስንት ሰዓት እንደሆነ የምናውቀው። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያለችው ተርመንድ የምትባል ከተማ ደግሞ ዋና መንገድ የላትም፣ ሱቆቹ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ሀዲዱ ነው። የሊንክ ፎቶዎች ቨርጂኒያ ውስጥ ሮአኖክ ከተማ ሙዚየም ተሠርቶላቸዋል፣ ሙዚየሙ ያለው ደግሞ የድሮው የመንገደኞች ባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው። የኛንም የድሮ ጣቢያ አንድ ክፍል ብቻ ለፎቶ ቢሰጡን ብዬ የሚመለከታቸውን ሁሉ በናንተ በኩል እለምናለሁ።

ይሄ እስኪሆን ግን ጋዜጣችሁ በሳምንት አንዲት ጥግ ይስጠን። አንባቢ ከየቤቱ የሥራ ፎቶ ይላክ፣ የወፍጮ ቤት፣ የጋሪ፣ የጉሊት፣ የወንጂ ሸንኮራ፣ የባቡር፣ እናንተ ከሥሩ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ሲሠራ ብላችሁ አውጡት፣ የማይታወቀውን አይታወቅም በሉ፣ የሚያውቅ ይደውላል። ሴቶቹን በራሳቸው ስም ጻፉልን።

የአባዬን ፎቶ ኮፒ ከደብዳቤው ጋር ልኬአለሁ፣ ዋናውን አልሰጥም። ከግራ ሦስተኛው ስሙ የጠፋው ሰው ነው፣ ረጅም ነው፣ ግራ እጁ ላይ ፋሻ አለ። ከፉርጎው ጫፍ፣ ከሰዎቹ ኋላ፣ አንዲት ሴትዮ ዘንቢል ይዛ ወደ ካሜራው ዞር ብላለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራዋለች፣ ለመነሳት የቆመች አይመስለኝም፣ እያለፈች ነው የገባችበት። እማዬ አይደለችም፣ እህቶቼም አይተው አይደለችም ብለዋል፣ ጋሼም አላወቋትም። ያኔ ጣቢያው ላይ ትሸጥ የነበረች የማን እናት ትሆን? የሚያውቅ ካለ ስሟን ለዝግጅት ክፍሉ ይንገርልኝ፣ እርሳሱን አስቀምጫለሁ።

የምድር ባቡር ልጅ፣ ከአዳማ