የእናት ቀሚስ በበረኪና አይታደስም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የቆየ የሐበሻ ልብስ ለበዓል እንዴት እንደሚነጣ በቤትና ኑሮ አምዳችሁ ያወጣችሁትን ምክር አንብበናል። ልብሱን በሙቅ ውሃና በበረኪና ዘፍዝፎ ማሳደር፣ እምቢ ካለም ጥበቡን ቆርጦ አዲስ ነጭ ላይ ማሰፋት ነው የሚለው። አሮጌ የሀገር ልብስ ማጠብና መጠገን የዘወትር ሥራችን ስለሆነ፣ ሁለቱም ምክሮች የሚያደርሱትን ጥፋትና በምትካቸው ምን ማድረግ እንደሚቻል እንጽፋለን።

በረኪና ጥጥን የሚያነጣው ራሱን ቃጫውን እየበላ ነው። አዲስ አቡጀዲ ይችለዋል። ሠላሳና አርባ ዓመት ሳጥን ውስጥ የቆየ ፈትል ግን ለጊዜው ነጥቶ ይወጣና በወራት ውስጥ መልሶ ይወይባል፤ ከዚያ ካውያ ሲነካው በእጥፋቱ መስመር ይተረተራል። ሐር ወይም ሱፍ ያለበት ልብስማ የባሰ ነው፤ በረኪና ሁለቱን ያሟሟቸዋል። በመርፌ ቁልፍ ዝገት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ብረቱ መበላቱን ያፋጥነዋል፤ ማታ ቡናማ ነጥብ የነበረው ጠዋት ቀዳዳ ሆኖ ይገኛል። ዝገቱ ነጩ ላይ ብቻ ከሆነ ሎሚ ተጨምቆበት ጨው ይነስነስበትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ በብዙ ውሃ ይለቅለቅ። ሎሚው በደንብ ሳይለቀለቅ ከቀረ እሱም ጥጥ ይበላል።

ውሃ ከመቅዳት በፊት የልብሱን ክር ማወቅ ያስፈልጋል። በአብዛኛው ሸማ ድሩ፣ ማለትም በቁመት የተወጠረው፣ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ፣ በአግድም የሚገባው፣ በእንዝርት የተፈተለ። ማጉ ለስላሳና ልል ስለሆነ ቀድሞ የሚሳሳው እሱ ነው። የጥበቡን ክር ለማወቅ ከጀርባ ከተንጠለጠለው ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ በክብሪት መለኮስ ይበቃል። እንደ ወረቀት ሸትቶ አመዱ ብን ካለ ጥጥ ወይም ሬዮን (ከእንጨት የሚሠራ አብረቅራቂ ክር) ነው፤ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሐር ወይም ሱፍ፤ ቀልጦ እንደ ዶቃ ከጠጠረ ፖሊስተርን የመሰለ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ጥጥና ሬዮንን የሚለየው ውሃ ነው። ጥጥ ሲረጥብ ይጠነክራል፤ ሬዮን ግን ረጥቦ ሲሳብ በቀላሉ ይበጠሳል። የሚያብረቀርቅ ጥበብ እርጥብ እንዳለ መታሸት የሌለበትም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የቀለም ፈተና አለ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ በእያንዳንዱ ቀለም ላይ፣ በተለይ በቀዩና በአረንጓዴው፣ ለአምስት ደቂቃ ተጭኖ ይቆይ። ያው ፈተና በሳሙና ውሃ ይደገም። ጨርቁ ላይ ፈዛዛ ቀለም እንኳ ከታየ ያ ልብስ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ፣ እድፉ በየነጥቡ ይጽዳ። ቀለም በኮምጣጤ ወይም በጨው «ይያዛል» የሚባለው ለተሠራ ልብስ አይሠራም። ደግሞም ቀለም አብዝቶ የሚሸሸው ልብሱ ሲታጠብ ሳይሆን ቀስ ብሎ ሲደርቅ ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ ይታለላል።

ፈተናውን ያለፈው ልብስ በሰፊ ሳፋ፣ ሳይጠቀለል፣ በነጭ አንሶላ ላይ ተዘርግቶ ይዘፍዘፍ። አንሶላው የሚያስፈልገው ልብሱን ለማንሳት ነው፤ ውሃ የጠጣ ቀሚስ በትከሻው ከተነሳ በገዛ ክብደቱ ይቀደዳል። መጀመሪያ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፣ ግማሽ ሰዓት። ውሃው ሻይ መስሎ ይወጣል። ይህ ቢጫ ጥጡ ሲያረጅ ያፈራው አሲድ ያለበት ቆሻሻ ነው፤ ሦስት አራት ጊዜ ውሃ በመቀየር ብቻ ብዙው ይሄዳል። ውጭ ሀገር ያሉ ወገኖቻችን የደረቅ እጥበት ቤት ከፍለው «ቢጫው አልለቀቀም» የሚሉትም ይህ ቢጫ በውሃ እንጂ በደረቅ እጥበት ፈሳሽ ስለማይሟሟ ነው። ከዚያ በአሥር ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፤ በመዳፍ ወደ ታች ጫን ለቀቅ እያደረጉ ማጠብ፤ አረፋው እስኪጠፋ ማለቅለቅ። መጭመቅ የለም። በፎጣ መሀል ተጭኖ ውሃው ይጠጣ፣ ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ በነፋስ ቶሎ ይድረቅ።

እንዶድ ላለው ሰው እንዶድ ለነጭ ጥጥ ጥሩ ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውሃ ይመታል፣ ከዚያ የግድ በጨርቅ ይጠለላል፤ ካልተጠለለ ፍርፋሪው ፈትሉ ውስጥ ይሰነቀራል። ዱቄቱ አፍንጫና ዓይን ያቃጥላል። እጣቢው ወደ ወንዝ አይደፋ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በዚሁ እንዶድ ነው፤ ዓሣም ይገድላል።

በነጠላ ላይ በብዛት የምናየው እድፍ የጧፍ ሰም ነው። በፌስታል ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይና የጠጠረው በማንኪያ ጀርባ ይፈቀፈቅ። የቀረው በሁለት ነጭ ሶፍት መሀል በዝቅተኛ ካውያ ይነሳል። የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ካውያውን ማጋል አያስፈልግም፤ ወርቃማ ክር ያለበት ጥለት ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ክሩን ያኮማትረዋል። ሶፍት ጠፍቶ ጋዜጣ መጠቀም አይገባም፤ አትቀየሙን እንጂ ቀለማችሁ ነጠላው ላይ ይታተማል። የወጥ ዘይት ሲሆን ዱቄት ነስንሶ ማሳደር፣ በማግሥቱ ሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና። የሚቀረውን የበርበሬ ቅላት ነጭ ጥጥ ላይ ፀሐይ ራሷ ታጠፋዋለች። ካውያ ከቀደመ ግን ዘይቱ እዚያው ይቀራል።

ጥበብ መቁረጥን በተመለከተ፣ ከመቀስ በፊት ልብሱን ገልብጦ ማየት ነው። ዙሪያውን የስፌት መስመር ካለ ጥበቡ በኋላ የተለጠፈ ነውና ተፈትቶ ሊነሳ ይችላል። ከሌለ ሸማኔው ድሩን በጣቱ እየለየ ባለቀለሙን ክር ከማጉ ጋር አብሮ አስገብቶታል። ያን ድር ቆርጦ ጥበቡን ማዳን አይቻልም፤ ዳሩ ይፈታል፣ የተበጠሰውም ክር በየእጥበቱ ይሾልካል። ተስቦ የወጣ የጥበብ ክር እንኳ አይቆረጥም፤ ጫፉ በደነዘዘ መርፌ ወደ ጀርባ ይመለሳል።

የሳሳውን ቦታ ከጀርባ መደገፍ ይሻላል። ታጥቦ የተኮማተረ ስስ ነጠላ በልብሱ የድር አቅጣጫ ከሥር ይነጠፋል፤ ከዚያ በቀጭን መርፌና በነጠላ የጥጥ ክር፣ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ትይዩ መስመሮች ይሰፋሉ። መርፌው ክሩን ሳይወጋ በክሮቹ መሀል ይለፍ። ፖሊስተር ክር አሮጌ ጥጥ ይቆርጣል። ቋጠሮም አይታሰር፤ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መስፋት ይበቃል። ማጉ ተበልቶ ድሩ ብቻ ለቀረበት ቦታ ከራሱ ከልብሱ ጠርዝ የውስጥ ትርፍ ማግ መምዘዝ ነው፤ መልኩም ውፍረቱም አይለይም። ትርፍ ከሌለ ሽሮ ሜዳ ፈትል አይጠፋም፤ ግን አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ያልታጠበ ፈትል ከገባ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰብና ዙሪያውን ያሸበሽበዋል። ሥራው ከቀዳዳው ወዲያና ወዲህ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከደህናው ጀምሮ፣ አንዱን ድር ከላይ አንዱን ከታች፣ ሳይወጠር ነው። አዲሱ ፈትል ነጥቶ ቢታይ ይታይ፤ በሻይ ውሃ ማመሳሰሉን አንወደውም።

ማስቀመጡን በተመለከተ ፌስታል እርጥበት ያፍናል፣ ክረምት ላይ ያሻግታል። ጥሬ እንጨትም ሲነካው ያወይባል። በታጠበ አቡጀዲ ይጠቅለል፤ እጥፋቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ቦታ ይቀይር። ስታርች ሳይነካው ይቀመጥ፤ ብል ጥጥ ባይበላም ስታርቹን ፈልገው የሚመጡ ሌሎች ነፍሳት አሉ።

አምዱ በየበዓሉ ዋዜማ እየተደገመ ስለሚወጣ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በረኪናውና መቀሱ ወጥተው እንዲታተም እንጠይቃለን። ቦታ ካጠረባችሁ የቀለም ፈተናዋ ብቻ ብትገባ እንኳ አምስት መስመር አትሞላም።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከአዲስ አበባ