ሌጎስ የማን ናት?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦ የናይጄሪያዋን ሌጎስ ያለማት የዮሩባ ብሔር ነው ወይስ የኢግቦ በሚለው ክርክር ላይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጥያቄው ራሱ አይጥመኝም። የሌጎሱ አላባ ገበያ ብትገቡ ቴሌቪዥንና ጄኔሬተር ደርድሮ የሚሸጠው በብዛት ኢግቦ ነው። ኪራዩና ግብሩ ግን እዚያው ሌጎስ ይቀራል። ታዲያ ማን ማንን ጎዳ?

የኢግቦዎች ቂም መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970 ኢግቦዎች ቢያፍራ ብለው ለመገንጠል የተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ፣ ባንክ ገንዘብ ለነበረው ኢግቦ፣ ብዙም ይሁን ትንሽ፣ 20 ፓውንድ ብቻ ተሰጠው። የፌዴራሉን መንግሥት ፋይናንስ የሚመሩት ደግሞ ዮሩባው ኦባፌሚ አዎሎዎ ነበሩ። ይህ ቶሎ አይረሳም።

ዛሬም ቢሆን በኒጀር ወንዝ ዳር ወዳለችው የኢግቦዎች ከተማ ወደ ኦኒቻ የሚሄድ ብዙ ኮንቴይነር ከሌጎስ በጭነት መኪና ይንገላታል። የፌዴራሉ መንግሥት የኒጀርን ወንዝ ደለል ጠርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀውን የኦኒቻ ወደብ በቅጡ ያሠራው።