የውዝዋዜና ቲያትር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ከትርኢቱ ክርክሩ በዝቶ ነበር። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የሠራነው የተለመደውን ነው፤ የሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ የመንዝና የቡልጋ ጭፈራ። ሚኒ ሚዲያው በጊዜው ስለዘገበው አልደግመውም።

ክርክሩ የተጀመረው አባላቱ የጀርመናዊቷን የፒና ባውሽን «ካፌ ሙለር» በኮምፒውተር ክፍል ካዩ በኋላ ነው። ይህ የዘመናዊ ዳንስ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1978 በቩፐርታል ከተማ ለመድረክ በቃ። መድረኩን ወንበርና ጠረጴዛ ሞልቶታል፤ ሴቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ይራመዳሉ፤ አንድ ሰው እንዳይደናቀፉ እየተሯሯጠ ወንበሩን ከፊታቸው ያነሳል። የባውሽ ወላጆች ምግብ ቤት እንደነበራቸው ስነግራቸው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «የእኛም ቤት ጠላ ቤት ነው፤ ሰው ሳይ ነው የማድረው» አለች።

ልጆቹን የያዛቸው ግን አንድ ትዕይንት ነው። ወንድና ሴት ተቃቅፈው ቆመዋል። ሌላ ሰው ይመጣና እጃቸውን ፈትቶ እንደገና ያስተካክላቸዋል፤ ሴቲቱን አንስቶ ወንዱን ያሳቅፈዋል። ወንዱ ይለቃታል፤ ትወድቃለች፤ ተነሥታም መልሳ ትጠመጠምበታለች። ይኸው እየፈጠነ ይደጋገማል፤ በመጨረሻ አስተካካዩ ሄዶ እንኳ ሁለቱ ያንኑ ያደርጋሉ። «ሰውየው ሽማግሌ ነው» አለ አንዱ፤ «ጎረቤት ነው» አለች ሌላዋ፤ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ «ይሉኝታ ነው» አለ። በእኔ አስተያየት ሥራው ከሁላችንም በላይ የገባው እሱ ነው።

የራሳችንን ስንሠራ ወንበሩን ትተን ባና ያዝን። እህትና ወንድም በአንድ ባና ሥር ተቀምጠዋል። አስተካካይዋ ትመጣለች፤ ጫፉን ትስባለች፣ አንገታቸውን ታቃናለች፣ ትሄዳለች፤ ባናው ይንሸራተታል። የመንዝ በግ ፀጉር ባና ከባድ ስለሆነ ሲወድቅ ይሰማል፤ ሌላ ሙዚቃ አልፈለግንም።

ልጆቹን ያስቸገራቸው ዝም ብሎ መራመድ ነበር። በእስክስታ ከበሮውም ጭብጨባውም ያግዛል፤ እዚህ ግን መድረኩን ብቻቸውን ሲያቋርጡ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። እህቲቱን የምትጫወተው ልጅ በጭንቀት ጊዜ ትከሻዋ ሳታዝዘው ይነሣል። ጓደኞቿ «አቁሚ» ሲሏት እኔ ተዉአት አልኩ። ባናው በተሳበ ቁጥር ከሥሩ ትከሻዋ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ ማንም ሊያስተካክለው ያልቻለው ነገር እሱ ብቻ ነው። ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

አጨራረሱ ላይ እስከ መጨረሻው ልምምድ አልተስማማንም። ብዙዎቹ ወንዶች እርቅ ፈለጉ፤ ሴቶቹ እህቲቱ ተነሥታ ትሂድ አሉ። ሄደች፤ ወንድሟ ባናውን ሙሉ ለሙሉ ለብሶ ቀረ። እኔ ከታራቂዎቹ ወገን ነበርኩ፤ ነገር ግን ሥራው የልጆቹ ነው።

በወላጆች በዓል ዕለት «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» ያሉ አባት ነበሩ። አንዲት እናት ግን ከተቀመጡበት ሆነው አስተካካይዋን «አንቺ ልጅ፣ ተያቸው እንጂ!» ብለው ገሠጿት። ልጅቷ ሳቋን እንዴት እንደዋጠችው አላውቅም።

የአዳራሹ ወለል ሲሚንቶ በመሆኑ ለሚወድቅ ሰው ጉልበት አይመችም፤ ለመጪው ዓመት የስፖርት ፍራሽ እንዲገዛልን ለክበባት አስተባባሪው በጽሑፍ ጠይቀናል። አስተካካይዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ስለምትለቅ ተተኪ እንፈልጋለን። ምዝገባው በመስከረም ነው፤ እስክስታ ማወቅ ግዴታ አይደለም።