ሲፈላ ምኑ ነው የሚላቀቀው?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የላክሽውን የፈተና ወረቀት አየሁት። ነጥብ የተቀነሰብሽ «ውሃ ሲፈላ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይለያያሉ» ያልሽው ላይ ነው፤ መምህርሽ እውነታቸውን ነው።

በሞለኪውሉ ውስጥ ሃይድሮጅንን ከኦክስጅን ያያዘው ኮቫለንት ቦንድ፣ ማለትም አተሞች ኤሌክትሮን ተጋርተው የሚፈጥሩት ትስስር ነው። የዚህን ቦንድ አንድ ሞል (ሞል ኬሚስቶች ብዛት የሚቆጥሩበት መለኪያ ነው) ለመበጠስ 463 ኪሎ ጁል ገደማ ይፈልጋል። አንድ ሞል ውሃ፣ ማለትም 18 ግራም፣ በ100 ዲግሪ ለማትነን ግን 41 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃል። ከጀበናው የሚወጣው እንፋሎት ያው ውሃ ነው፤ የተላቀቀው ሞለኪውል ከሞለኪውል ነው። ሃይድሮጅን ቢወጣማ ኖሮ ከሰል ላይ ቡና የሚያፈላ ባልተገኘ!

ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ የሚስባቸውን ለማወቅ መጀመሪያ ሃይድሮጅኑ ከምን ጋር እንደተያያዘ እዪ። ከናይትሮጅን፣ ከኦክስጅን ወይም ከፍሎሪን ጋር ከሆነ ሃይድሮጅን ቦንድ፣ ማለትም በሞለኪውሎች መካከል ያለ ጠንከር ያለ መሳሳብ አለ። አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ፈሳሽ) ኦክስጅንም ሃይድሮጅንም አለው፤ ነገር ግን ሃይድሮጅኖቹ በሙሉ ካርቦን ላይ ናቸው፤ ስለዚህ እርስ በርሱ ሃይድሮጅን ቦንድ አይሠራም። የአንድ ሞል ክብደቱ 58 ግራም ሆኖ በ56 ዲግሪ ይፈላል። 46 የሚመዝነው ኢታኖል (አልኮሉ) 78፣ 18 የሚመዝነው ውሃ 100 ይደርሳሉ። የለንደን ኃይል የሚባለው፣ ከኤሌክትሮኖች እንቅስቃሴ የሚመጣው መሳሳብ፣ በሁሉም ሞለኪውሎች መካከል አለ፤ ኤሌክትሮን ሲበዛ ይበረታል። ክሎሪን ጋዝ፣ ብሮሚን ፈሳሽ፣ አዮዲን ጠጣር የሆኑት በዚሁ ነው።

በዓይንሽ ለማየት በደረቅ መስታወት ላይ መርፌው በወጣ ሲሪንጅ 0.1 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አልኮልና አሴቶን ለየብቻ ጠብ አድርጊ። መስኮት ክፈቺ፣ እሳት አጠገብሽ አይኑር። አንዳንዱ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን የለበትምና ጽሑፉን አንብቢ። አሴቶን አንዳንድ ፕላስቲክ ስለሚያሟሟ በፕላስቲክ ሳህን አትሞክሪው። ቀድሞ የሚደርቀው አሴቶን ነው። 70 በመቶ የሆነው አልኮል መጨረሻ ላይ ቢዘገይብሽ አትደናገሪ፤ የቀረው ባብዛኛው ውሃው ነው።

እዚህ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ የሃይድሮጅን ቦንዱ ላልቶ አይደለም፤ ከላይ የሚጫነው አየር ስላነሰ ነው። ባቄላ የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ክዳኑ ጥብቅ ባልሆነ ድስት ሥር እሳት ብትጨምሪ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ፈተና ላይ 100 ስትጽፊ «በ1 አትሞስፌር» (በባሕር ጠለል ባለው የአየር ግፊት) ብለሽ ጨምሪበት።

ንጥር ቅቤ ረግቶ የኑግ ዘይት ለምን አይረጋም ላልሽኝ፦ የሞለኪውሎቻቸው መጠን ብዙም አይራራቅም። የኑጉ የካርቦን ሰንሰለት ግን ድርብ ቦንዱ (ሁለት ካርቦኖች በሁለት ቦንድ የተያያዙበት) ጋ ይታጠፋል፤ ተጠጋግቶ መደርደር አይችልም። የቅቤው ብዙው ቀጥ ያለ ነው። የላክሁልሽ ቅቤ መንገድ ላይ ቀልጦ ቀስ ብሎ ሲረጋ አሸዋ አሸዋ ቢልሽ አልተበላሸም፤ ቀጥ ቀጥ ያሉት ቀድመው ተሰብስበው ነው። በለስላሳ እሳት አቅልጠሽ ቶሎ አቀዝቅዢው።

አባትሽ፣ ከጎንደር